ስለ ገጽ አርባ አንድና ስለ ታላቅ እህቴ፦ ለክቡር የዓለም ገበያ ትንበያ ዳይሬክተር

ለክቡር የምርምርና የገበያ ትንበያ ዋና ዳይሬክተር
አምስተኛ ፎቅ፣ ሁለት መስኮት ያለው ቢሮ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ዓመታዊ ሰነድዎ ሽፋን ያማረ፣ እንቅልፍዎ እንደ ትንበያዎ ከጥርጣሬ የጸዳ፣ ቤትዎም ወለድ ሲወጣም ሆነ ሲወርድ የማይናወጥ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ስለ እኔ ጤና እንደ ጠየቁኝ ቆጥሬ ልመልስና፣ ደኅና ነኝ። ጨጓራዬ ብቻ እርስዎ በቴሌቪዥን በቀረቡ ቁጥር ይነሣብኛል፤ ሐኪሙ ከምግብ ነው ቢለኝም ከምግብ እንዳልሆነ እኔም ክብርዎም እናውቃለን።

ይህን ደብዳቤ በመዝገብ ቤት በኩል መላክ ሲገባኝ ከሊፍቱ አጠገብ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍሁት ክብርዎን ለመድፈር አይደለም። እስከ ዛሬ የጻፍሁልዎትን ማስታወሻ ሁሉ አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ በገዛ እጅዎ ጽሑፍ፣ «ወንድሜ፣ ልክ ነህ፤ አመሰግናለሁ» እያሉ መልሰውልኛል። እንዲህ ያለውን ደግነት ሰው ብቻውን ሆኖ አይችለውም፤ ምስክር ያስፈልገኛል ብዬ ነው።

በቅርቡ ለተቀጠሩና ለማያውቁኝ ባልደረቦች ጉዳዩ ግልጽ እንዲሆን ያህል፣ እኔ በሦስተኛው ፎቅ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ቀጥሎ የምቀመጥ የሰነድ አራሚ ነኝ። ድርጅታችን በየዓመቱ ለውጭ አገር ባለሀብቶች አንድ ወፍራም ሰነድ ያዘጋጃል፤ የዓለም ኢኮኖሚ ወዴት እንደሚሄድ፣ ወለድ ይወርድ እንደሆነ፣ አክሲዮኑና ቦንዱ፣ መዳቡና ነዳጁ ምን እንደሚሆኑ ይናገራል። ሰነዱን ክብርዎ ይጽፉታል። እኔ ቁጥሩን አመሳክራለሁ፣ ነጠላ ሰረዙን አስተካክላለሁ፣ አስፈላጊ ሲሆንም ከገጹ ግርጌ ትንሽ ማስታወሻ እጨምራለሁ። ባልደረቦቻችን እኔን «ግርጌ»፣ እርስዎን «ነቢዩ» የሚሉን በዚህ ምክንያት ነው። የሁለታችንንም ስም ያወጣችው የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ናት ይባላል፤ እርሷንም ለይቼ አመሰግናለሁ።

አቤቱታዎቼ እንደሚከተለው ናቸው።

አንደኛ። እኔና ክብርዎ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በአንድ ሳምንት ተቀጥረን፣ ስድስት ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ «አንተ» እየተባባልን፣ አንድ ካልኩሌተር ተካፍለን ሠርተናል። የዚያ ካልኩሌተር ሰባት ቁጥር አይሠራም ነበር። ሰባት የገባበትን ስሌት ሁሉ እኔ በወረቀት ላይ ስፍጨረጨር ክብርዎ «ያው ስምንት ገደማ ነው» ብለው አልፈው ምሳ ይወጡ ነበር። ዛሬ እርስዎ ሁለት መስኮት አለዎት፤ እኔ ያለኝ አንድ ሲሆን እርሱም የሚያሳየው የጎረቤቱን ሕንፃ የውኃ ቧንቧ ነው። በዚህ አልቀናሁም ብል ፈጣሪ ይታዘበኛል። ወንበርዎም ወደ ኋላ ሲያዘነብሉበት ድምፅ አያሰማም። ይህን ያወቅሁት ክብርዎ ስብሰባ ላይ ሳሉ ሰነድ ላስቀምጥ ገብቼ ስለተቀመጥሁበት ነው። ሦስት ጊዜ አዘነበልሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ጸጥ አለ። የእኔው ግን እንኳን ሳዘነብልበት ሳስበውም ይንጣጣል።

ሁለተኛ። ባለፈው ዓመት ሰነድ ላይ ክብርዎ የታላላቅ አገሮች ማዕከላዊ ባንኮች ወለድን በፍጥነት ዝቅ እንደሚያደርጉ፣ ስለዚህ ባለሀብቶች የረጅም ጊዜ ቦንድ ያለ ሥጋት ቢገዙ እንደሚያተርፉ ጻፉ። እኔ ደግሞ የቤት ኪራዩም ደሞዙም በእነዚያ አገሮች ገና እየጨመረ መሆኑን፣ የዋጋ ንረቱ ሳይበርድ ባንኮቹ ወለዱን እንደማይነኩት፣ ወለድ ካልወረደ ደግሞ ቦንዱን በውድ የገዛ ሰው እንደሚያለቅስ የሚያሳዩ አሥራ አራት ሠንጠረዦች ይዤ ሁለት ፎቅ በደረጃ ወጣሁ፤ ሊፍቱ ተበላሽቶ ነበር። ክብርዎ ሁሉንም በትዕግሥት ካዩ በኋላ፣ «ወንድሜ፣ ልክ ሳትሆን አትቀርም። ግን ባለሀብት ጥርጣሬ ሊሸምት ባሕር አቋርጦ አይመጣም። ግርጌ ላይ አስገባልኝ» አሉኝ።

አስገባሁት። ገጽ አርባ አንድ ላይ፣ ጉንዳን እንኳ መነጽር ካላደረገች በማታነብበው ፊደል።

ከዚያ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ወለዱ ካለበት ንቅንቅ አላለም፤ ቦንዱ ግን ቁልቁል ወረደ። አምስተኛ ፎቅ ላይ ስልኩ ሲጮኽ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማ ነበር። ክቡር ሆይ፣ ኃጢአቴን ልናዘዝና፣ በዚያ ሳምንት በየቀኑ ክራባት አሰርሁ። ማልጄ እየገባሁ፣ በኮሪደሩ እያፏጨሁ፣ የእርስዎን ውድቀት እንደ ልጄ ሠርግ በጉጉት ስጠብቅ ሰነበትሁ። ዓርብ ዕለት በቴሌቪዥን ቀረቡ። ጋዜጠኛዋም ሳታመነታ፣ «ተሳስታችኋል አይደል?» ብላ ጠየቀችዎት። እኔ ወንበሬን ወደ ቴሌቪዥኑ ሳብሁ። እርስዎ ፈገግ አሉና ሰነዱን ከፍተው፣ «ተቋማችን ይህን አደጋ አስቀድሞ አይቶታል፤ ይኸው በጽሑፍ አለ» ብለው ገጽ አርባ አንድን አሳዩ። ካሜራው ቀረበ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍሁትን ነገር በትልቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ በእርስዎ አውራ ጣት ሥር።

አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ይባል የለ፤ ክብርዎ ግን የሌላውንም ሰው ጤፍ ቆልተው አወጡ። በወሩ የባለሀብቶች ማኅበር ስለ አርቆ አሳቢነትዎ የመስታወት ዋንጫ ሸለመዎት። ዋንጫውን ሲቀበሉ «ይህ የባልደረቦቼ ነው» ማለትዎን አልክድም፤ አዳራሹም ስለ ትሕትናዎ ደግሞ አጨበጨበልዎት። አመሰግናለሁ። ነገር ግን፣ ክቡር ሆይ፣ «ባልደረቦቼ» ማለት ብዙ ነው፤ እኔ አንድ ነኝ።

ሦስተኛ። ይህን ስጽፍ አንጀቴ ቅጥል እያለ ነው።

አንዲት ታላቅ እህት አለችኝ፤ እትዬ እላታለሁ። ልብስ ሰፊ ናት። እናታችን ከሞተች በኋላ በእግር በምትረገጥ አንዲት የስፌት ማሽን አሳድጋኛለች፤ የትምህርት ቤት ክፍያዬም የተገኘው ከዚያችው ማሽን ነው። ባለቤቷ በሥራ ላይ ሳለ ካረፈ በኋላ መሥሪያ ቤቱ የካሳ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ሰጣት፤ ዕድሜዋን ሙሉ በእጇ ይዛው የማታውቀው ገንዘብ ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጥታ ሳሎን ተቀመጠችና ቦርሳዋን እንዳቀፈች፣ «አንተ የዓለምን ገበያ የምታነብ ሰው ነህ፤ ይህቺን ምን ባደርጋት ይሻላል?» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ጥያቄ ሃያ ዓመት ጠብቄዋለሁ። ወረቀት አመጣሁ፣ ባለቀለም እርሳስ አመጣሁ። ወለድ ቢወጣ፣ ወለድ ቢወርድ፣ ዶላር ቢበረታ፣ የመርከብ ጭነት ቢወደድ እያልሁ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስረዳኋት። እትዬ ዓይኗ እንባ እስኪያቅር ድረስ አዳመጠችኝ፤ ማዛጋት እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው። በር ላይ ስሸኛት፣ «ጎበዝ ነህ ወንድሜ። ታዲያ አሁን የሆነ ነገር ልግዛ ወይስ አልግዛ?» አለችኝ።

«ይወሰናል» አልኋት።

«እሺ» ብላ ሻሿን አጥብቃ አስራ ሄደች።

ማክሰኞ ዕለት ሳትነግረኝ መሥሪያ ቤታችን መጣች። እንግዳ መቀበያው ላይ ማንን እንደምትፈልግ ስትጠየቅ የጠራችው ወንድሟን አልነበረም፤ እርስዎን ነው። በቴሌቪዥን ስለ መዳብ ያወሩትን ሰምታ፣ የባሏን ካሳ ያንኑ መዳብ ልትገዛበት ኖሯል። የሆነውን የነገረኝ የበሩ ጥበቃ ነው፤ እርሱም በአድናቆት ተሞልቶ ስለነገረኝ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ቀንሼበታለሁ።

ራስዎ ወረዱ አለኝ። ጸሐፊ አልላኩም። ከጎኗ ካለችው ከዚያች እግሯ ከተሰነጠቀ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡና ሦስት ነገር ጠየቋት፦ «ገንዘቡን መቼ ይፈልጉታል? ቢጠፋብዎት ምን ይሆናሉ? ከሁሉ አብልጠው የሚያውቁት ሥራ ምንድን ነው?» እትዬም መለሰችልዎት። ከዚያ በኋላ፣ «እትዬ፣ እኔ በቴሌቪዥን የማወራው ገንዘባቸው ቢጠፋ ራታቸው ለማይጎድል ሰዎች ነው። እርስዎ የሚያውቁት ጨርቅ ነው፤ መዳብ ምን ያደርግልዎታል? ማሽን ይግዙበት» አሏት። ጥበቃው ሰዓቱን አይቶ ነበር፤ ዐሥር ደቂቃ አልሞላም።

ገዛች። አንድ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የስፌት ማሽንና አንድ ጠርዝ የሚዘመዝም ማሽን። ስድስት ወር ሳይሞላ የአንድ ሆስፒታልን የሠራተኞች ጋዋን እንድትሰፋ ታዘዘች፤ ዛሬ አራት ሴቶች ቀጥራለች። መዳቡ ደግሞ በዚያው ዓመት እርስዎ ይወጣል ባሉበት ወር ወረደ። ለውጭ ባለሀብቶች በሽፋን ያማረ የተሳሳተ ትንበያ፣ ለእህቴ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ትክክለኛ ምክር፤ ክቡር ሆይ፣ መሳሳትዎን አጥብቄ በምፈልግበት በዚያ በአንዱ ቦታ ላይ ልክ መሆንዎ ፍትሕ ነውን?

እህቴ ስላለፈላት ደስ ብሎኛል። ይህን የሚጠራጠር ካለ ፊቴን ይይ፤ ግን ከምሳ በፊት እንጂ እርስዎ በኮሪደር ሲያልፉ አይሁን። አንጀቴን ያቃጠለው ሌላ ነው። «እትዬ» ብለው ጠሯት። ያ ቃል በዚህ ምድር ላይ የእኔ ብቻ ነበር፤ አምስተኛ ፎቅም ሁለት መስኮትም ሳይኖረኝ የነበረኝ እርሱ ነው። ደግሞም ከጋዜጣ የተቆረጠው ፎቶግራፍዎ በመስታወት ተደርጎ ከመቁረጫ ጠረጴዛዋ በላይ ተሰቅሏል። ባየሁት ቀን ራሴን መግዛት አቅቶኝ፣ «የእኔስ ፎቶ?» አልኋት።

«አንተማ ወንድሜ ነህ፤ ፎቶ ምን ያደርግልሃል?» አለችኝ፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሣ። ትንሽ ሰፋችና ደግሞ፣ «አትቀየመኝ እንጂ፣ አንተን ስጠይቅህ ዓለምን ነገርከኝ። እሳቸው እኔን ጠየቁኝ» አለች።

ክቡር ሆይ፣ በዚህ ሕንፃ ውስጥ ስለ ሥራዬ ብዙ ግምገማ ተጽፎብኛል። እንደዚህ አጭርና እንደዚህ የሚያም ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

አራተኛ። ዘንድሮ ለውጭ ባለሀብቶች በተዘጋጀው ጉባኤ ላይ ትንበያውን እኔ እንዳቀርብ ክብርዎ በደብዳቤ አዘዙኝ። ያዘዙኝ ወጥመድ ለማጥመድ ነው ብዬ ሦስት ቀን ተጠራጠርሁ፤ ወጥመድ አለመሆኑን ሳረጋግጥ ይበልጥ ተናደድሁ። ሦስት ሳምንት ተዘጋጀሁ። አዳራሹ ውስጥ ሁለት መቶ ሰው የትርጉም ማዳመጫ በጆሮው ሰክቶ ተቀምጧል፤ የመስታወቷ ክፍል ውስጥ ያለችው አስተርጓሚ ፈገግ ብላ አበረታታችኝ። «በአንድ በኩል» ብዬ ጀመርሁ። አርባኛው ደቂቃ ላይ «በሌላ በኩል» ገና አልደረሰም ነበር። አስተርጓሚዋ ግንባሯን ጠረገች። ፊት መስመር ላይ ያሉት አዛውንት ማዳመጫቸውን አውልቀው፣ በክብር አጣጥፈው፣ ኪሳቸው ከተቱት፤ ማዳመጫው የአዳራሹ መሆኑን እንኳ የነገራቸው የለም።

ከሁለተኛው መስመር አንዲት ባለሀብት እጇን አነሣችና፣ «ጌታዬ፣ ታዲያ ምን እናድርግ?» አለችኝ።

ወረቀቴን አየሁ። አሥራ አራቱም ሠንጠረዦች እዚያው ነበሩ። ከንፈሬ ላይ የመጣው «ይወሰናል» የሚለው ቃል ነበር፤ ሻሿን ስታስር የነበረችው እህቴ ትዝ አለችኝና ዋጥ አደረግሁት።

«አላውቅም» አልሁ። «ወለዱ በየትኛው ወር እንደሚወርድ የሚያውቅ ሰው የለም። ቢኖር ኖሮ ይህን ጊዜ የሚያሳልፈው እኛን ሲያዳምጥ አልነበረም። እናንተስ ገንዘባችሁን መቼ ነው የምትፈልጉት? መጠበቅ የማትችሉትን ያህል ከዚህ ሰነድ አርቁት። ለመጠበቅ የምትችሉትን ደግሞ አንድ ቦታ አታስቀምጡት፤ ስለ ቀረው የጠየቃችሁኝን ሁሉ አሳያችኋለሁ።»

ጥያቄው የእርስዎ ነበር፤ ከፕላስቲኩ ወንበር ላይ ሰርቄዎታለሁ። ይህን ሁሉም ባለበት ማመኔን እንደ ክፍያ ይቁጠሩልኝ።

አበቃልኝ ስል ክብርዎ ከመጨረሻው መስመር ተነሡና፣ «ይህ ሰው በቤታችን ውስጥ የማናውቀውን ነገር አናውቀውም ብሎ የሚነግረን ብቸኛ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት ገጽ አርባ አንድን የጻፈውም እሱ ነው፤ ዋንጫው የእሱ ነበር» አሉ። ሰዉ ተነሥቶ አጨበጨበ። አዛውንቱም ማዳመጫውን ከኪሳቸው አወጡ።

እነሆ በደሉ። ያን ዐረፍተ ነገር እኔ ስለ ራሴ ለመናገር አንድ ዓመት ሙሉ ጢሜን ስላጭ በመስታወት ፊት ተለማምጄዋለሁ፤ አንድም ቀን እንዲህ አጥሮ፣ እንዲህ አምሮ አልወጣልኝም። ውዳሴዬን እንኳ ከእኔ አሳምረው ተናገሩት። በጠላትነት ልይዝዎት ያስቀመጥሁትን የመጨረሻውን ምክንያት በሁለት መቶ ሰው ፊት ወስደውብኛል፤ ስለዚህም ያለኝን ጥልቅ ምስጋና ጥርሴን ነክሼ አቀርባለሁ።

አሁን ደግሞ ትናንት በደረሰኝ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ወደ አምስተኛ ፎቅ ከክብርዎ ቢሮ አጠገብ እንዲዛወርና የዘንድሮው ሰነድ በሁለታችን ስም እንዲወጣ ወስነዋል። እምቢ ለማለት አንድ ቀን ሙሉ ቃል ስመርጥ ዋልሁ። ያገኘሁት ቃል ሁሉ ቅናት ቅናት ይል ነበር። ማምሻውን እትዬን በስልክ ጠየቅኋት። የማሽኖቹ ድምፅ ከበስተኋላዋ ይሰማ ነበር። «ውጣ» አለችኝና ዘጋችው።

ስለዚህ ሹመቱን በከባድ ልብ ተቀብያለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬን ስናወጣ እባክዎ ወርደው አንዱን ጫፍ እንዳይዙ። ሠራተኛው በደረጃው ላይ ቆሞ አይቶ፣ «ወይ ትሕትና!» ይላል፤ እኔ ደግሞ ከባዱን ጫፍ ይዤ ማንም ሳያየኝ እቀራለሁ።

ከላቀ አክብሮትና ከአክብሮቱም ከሚልቅ ቅናት ጋር፣ ዕድሜና ጤና፣ ጸጥ ያለ ወንበርና ለሰው የሚበቃ ጊዜ እንዳይጎድልብዎ የሚመኝ፣

የሃያ ሁለት ዓመት ባልደረባዎና እስከ ዓርብ ድረስ የሦስተኛው ፎቅ ሰው፣
ግርጌ

ከፊርማው በኋላ የታወሰ፦ በዘንድሮው ረቂቅ ገጽ ዐሥራ ሁለት ላይ ባለሀብቶች ገንዘባቸውን በምን በምን እንዲያከፋፍሉ ክብርዎ የመከሩበት ሠንጠረዥ ሲደመር መቶ አራት በመቶ ይሆናል። ዓለምን በአራት በመቶ ስላሰፉልን ከልብ እያመሰገንሁ፣ ለጊዜው እንዳላረምሁት በትሕትና አስታውቃለሁ። ማተሚያ ቤቱ ሥራውን የሚጀምረው ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ነው። እኔ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ከግድግዳዎ ማዶ ስላለሁ፣ ያንኳኩ።